ለቅሶ የሚያውቀው ድንኳን

በ2088 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ደብረ ብርሃን የሚገኘው የቅን ጎረቤት ዕድር አንድ ሰው እንዲሞትለት አጥብቆ ይፈልግ ነበር።

ክፋት አልነበረበትም። የምርምር ጉዳይ ነው።

በዚያ ዘመን ምርምር የማያካሂድ ተቋም ፈቃዱ አይታደስም። መንግሥት ለትንንሽ ድርጅቶች የምርምር ገንዘብ መስጠት የጀመረው በጎ አስቦ ነው፤ ውሎ ሲያድር ግን መስጠቱም ግዴታ፣ መቀበሉም ግዴታ ሆነ። ጸጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግራ ጎን በአዲሱ መሣሪያ፣ ቀኙን በአሮጌው ይቆርጥና ፎቶ አንሥቶ ወደ ምርምር ድጋፍ ቢሮ ይልካል። መልስ እስኪመጣ ደንበኛው እንደዚያው ሆኖ ይሰነብታል። ሻይ ቤት የገባ ሰው ሁለት ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ አንዱ ስኳር አለው፣ አንዱ የለውም። የትኛው እንደሆነ አስተናጋጇም አታውቅም፤ ማወቅ ክልክል ነው። ዳቦ ቤቱ ተራ ዳቦ መጋገር ካቆመ ቆይቷል፣ ተራ ዳቦ ምን አዲስ ነገር አለው? ሰው ሁሉንም ለምዶታል። የራሱ ግራና ቀኝ የማይመሳሰል ጎረቤቱን መንገድ ላይ ሲያገኝ “ምነው፣ ውጤቱ ገና ነው እንዴ?” ብሎ ያልፋል።

ዕድሮችም ከዚህ አላመለጡም። ትልልቆቹ በጊዜ ነቅተው ኩባንያ ሆነዋል። ከሁሉም የገነነው ኅብር የሚባለው ነው። የኅብር አባል ሲሞት ለቀስተኛ በኮምፒውተር ይመደባል፣ መቃብሩን ማሽን ይቆፍራል፣ ሬሳውን ማሽን ይሸከማል፣ ሁሉም ነገር ከምሳ በፊት ያልቃል። ቤተሰቡ ገና ከመቃብሩ በር ሳይወጣ “በአገልግሎታችን ረክተዋል?” የሚል ጥያቄ ይደርሰዋል።

ቅን ጎረቤት ግን ትንሽ ነው። የጥቂት ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ዕድር ነው፤ አያቶች አቋቁመውት ልጆች ወረሱት። ዳኛዋ እትዬ ሶልያና ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ተቆጥተው እንኳ ድምፃቸው የማይነሣ። ዋና ተመራማሪው ደግሞ የብሎኩ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ደባልቄ ነው። ደባልቄ ወጣት ነው። በዚያ ጊዜ ደባልቄ፣ አስካለማርያም፣ ጥሩወርቅ የሚባሉት ወጣቶቹ ነበሩ፤ ያፌት፣ ሄራንና ናታን የሚባሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

የዕድሩ የምርምር ሥራ ራሱን በራሱ የሚተክል የለቅሶ ድንኳን ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ጩኸት በሰማ ቁጥር ይነሣ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ጎል ሲያገባ ተነሣ። አንዲት ሙሽራ እልል ሲባልላት ተነሣና ሠርገኛውን ሁሉ የሐዘን ድንኳን ውስጥ አስቀመጠው፤ የሙሽራዋ እናት ዕድርተኛውን እስካሁን ሰላም አይሉም። አንድ ቀን ደግሞ ሕፃን ሲያለቅስ ብድግ ብሎ፣ ቆሞ የነበረ ታክሲ ከነተሳፋሪው ሸፈነ። ያኔ ድጋፍ ቢሮው “ለቅሶን ከጫጫታ ይለይ” ብሎ ጻፈ።

ደባልቄ ለየው። ሁለተኛው ሞዴል የሚነሣው ከእውነተኛ ሐዘን ለሚመጣ ለቅሶ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሐዘን ሁሉ ሲበርድም ራሱ ይታጠፋል። እንዴት እንደሚለይ ሲያስረዳ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ የገባው ግን አልነበረም። ቀይ ሽንኩርት ልጠው አለቀሱለት፤ አልተነሣም። አንድ የቴአትር ሰው ተለምኖ ደረቱን እየደቃ አነባለት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አንድ ቀን የደባልቄ ድመት በመኪና ተገጭታ ስትሞት፣ ማንም ሳይጠብቀው ሱቁ ውስጥ ተነሥቶ ኮርኒሱን ገነጠለው። ያን ቀን ደባልቄ በአንድ ዓይኑ ለድመቷ፣ በሌላው ከደስታ ብዛት አነባ።

ቢሮው ግን የድመት ለቅሶ አልበቃውም። “በእውነተኛ የሰው ሐዘን ላይ፣ መርማሪ ባለበት ይታይ” አለ። ካልታየ ዕድሩ ይዘጋል፤ አባላቱም ወደ ኅብር ይዛወራሉ።

ችግሩ የሚሞት ሰው መጥፋቱ ነው። እማማ ሄራን ታመው ነበር፤ ብሎኩ ሁሉ ተስፋ ቆርጦባቸው ነበር፣ ወይም ተስፋ አድርጎባቸው፣ እንደሚያዩት ነው። ደባልቄ በየጠዋቱ በራቸውን አንኳኩቶ “እንዴት አደሩ እማማ?” ሲል ጥያቄው ከወትሮው ይረዝም ነበር። እማማ ሄራን ግን ዳኑ። መዳን ብቻ ሳይሆን ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመሩ። ጎረቤቱ “እግዚአብሔር ይመስገን” አለ፤ ደባልቄም አለ፣ ትንሽ ዘግይቶ።

እትዬ ሶልያና ስብሰባ ጠሩ።

“ለአንድ ቀን የሚሞትልን ሰው ያስፈልገናል” አሉ። “ለማሳያ ነው። ቢሮው አስመስሎ ማሳየት አይከለክልም፤ ለቅሶው ብቻ እውነት ይሁን ነው የሚለው። ቄሱን ጠይቄያቸው ነበር፣ በሞት አይቀለድም ብለው አይመጡም።”

በአዳራሹ ሁሉም ጫማውን ያያል። በሕይወት እያሉ መገነዝን የመሰለ ሟርት የለም፤ ማን ደፍሮ ይተኛ?

“እኔ እሞታለሁ” አሉ ጋሽ ያፌት ከኋላ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ ግማሹ መሣቅ ጀምሯል። ጋሽ ያፌት የከተማው የመጨረሻ የሚኒባስ ሹፌር ነበሩ። መኪና ሁሉ ያለ ሰው መሄድ ሲጀምር ሚኒባሳቸው ተወሰደ፤ እሳቸው ግን ጥሩምባውን ነቅለው አስቀሩት። እስከዛሬም ኮታቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ከሰው ኋላ ቀስ ብለው መጥተው ያንባርቁበታል። ሚስታቸው ወይዘሮ ቃልኪዳን ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅ አልወለዱም።

“ተው ያፌት፣ ሟርት ነው!” አሉ ጎረቤታቸው ጋሽ ናታን።

“ሰባ ዓመት ሞልቶኝ ሟርት ምን ይጨምርብኛል? ደግሞ ከእኔ ሌላ ጨዋ ሬሳ የት ታገኛላችሁ? አልንቀሳቀስ፣ አልናገር...”

“አንተ? አትናገር?” አሉ እማማ ሄራን፤ አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ።

“አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የሕይወት ታሪኬን ራሴ እጽፋለሁ፣ ሶልያና ታነበዋለች። አንዲት ቃል ሳትቀንስ።”

እትዬ ሶልያና ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ሌላ ፈቃደኛ እንደሌለ ያውቃሉ። “እሺ፣ ቃሌ ነው” አሉ። የያፌትን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ስሕተት ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

የማሳያው ቀን ነፋሻ ነበር። በብሎኮቹ መሃል ባለው ግቢ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ድንኳኑ ታጥፎ እንደ ትልቅ ጆንያ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ያፌት ቃሬዛው ላይ ተጋድመው ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናነቡ። በጋቢው ውስጥ የሚታያቸው ነጭ ብርሃንና ወዲያ ወዲህ የሚል ጥላ ብቻ ነው።

የድጋፍ ቢሮው መርማሪ በሹፌር አልባ መኪናዋ ግቢው ድረስ ገባች። ወይዘሪት አስካለማርያም ትባላለች፤ ልጅ እግር፣ ልብሷ እጥፋት የሌለው፣ ሰላምታዋ አጭር። ደረቷ ላይ የተለጠፈች ትንሽ መሣሪያ የሚሆነውን ሁሉ ትመዘግባለች።

“ሟቹ እኚህ ናቸው?” አለች።

“አዎ፣ ነፍሳቸውን ይማር” አለ ደባልቄ።

“በሕይወት እንዳሉ አውቃለሁ። ለመዝገቡ ነው። መጀመር ትችላላችሁ።”

ለቅሶው ተጀመረ። እማማ ሄራን ከሞት አፋፍ የተመለሱበት ጉልበት ሁሉ ድምፃቸው ላይ ነበር፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ሙሾ አወረዱ፦

“ሚኒባስ ነጂው፣ ጥሩምባ ወዳጁ፣
ማን ያስደነግጠን ከእንግዲህ በደጁ?”

ሴቶቹ “ወየው! ወየው!” አሉ። አንዱ ደረቱን መታ። ደባልቄ በለቀስተኛው መሃል ጎንበስ ብሎ እየሮጠ “ከልባችሁ! እባካችሁ ከልባችሁ!” ይላል። ግን ትናንት ማታ አብሯቸው ካርታ ሲጫወትና ሲያጭበረብር ላመሸ ሰው ማን ከልቡ ያለቅሳል? ድንኳኑ ጥግ ላይ ጆንያ እንደሆነ ቀረ።

“የሕይወት ታሪክ ይነበብ” አሉ እትዬ ሶልያና። ታሪኩን ሲሰሙ ሰዎች ልባቸው ይነካ ይሆናል ብለው አስበው ነው። ጋሽ ያፌት ያን ጠዋት የሰጧቸውን ወረቀት ዘርግተው በመምህር ድምፃቸው ጀመሩ።

“አቶ ያፌት ስንታየሁ በ2018 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም፤ ያለቀሰችው አዋላጇ ናት።”

ከኋላ አንዱን ሰው ሣቅ አነቀው። እትዬ ሶልያና ቀና ብለው አዩና ቀጠሉ።

“በወጣትነታቸው እጅግ መልከ መልካም ስለነበሩ፣ ትራፊክ ፖሊስ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከቤታቸው እንዳይወጡ ለምኗቸዋል። ሟች ትሑት ስለነበሩ በጓሮ በር ይወጡ ነበር። ሟች አንድ መሰላል ነበራቸው። ይህንን መሰላል ለአቶ ናታን አዋሱ። መሰላሉ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተመለሰም።”

“መልሻለሁ እኮ!” ብለው ጮኹ ጋሽ ናታን።

እትዬ ሶልያና ወረቀቱን ተመለከቱ። “‘መልሻለሁ’ እንደሚሉ ሟች ያውቁ ነበር” ብለው አነበቡ።

ግቢው ተናጋ። አንዲት ሴት ንፍሮ የያዘ ሰሃን ጣለች። ጋሽ ያፌት ጋቢያቸው ውስጥ ከንፈራቸውን ነክሰው ሆዳቸው ይንቀጠቀጣል።

“ሟች ለአቶ ናታን ይቅርታ አድርገዋል። መሰላሉ ግን ይመለስ። ወይዘሮ ሶልያና ንፉግ ናቸው እየተባለ የሚወራው ሐሰት ነው። ሟች ይህንን ያወሩት ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነው...”

ከዚያ በኋላ ማንበብ አልተቻለም። እማማ ሄራን ወገባቸውን ይዘው አጎነበሱ። ቀባሪ ሊሆኑ የመጡ ሁሉ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይንከተከታሉ። ቃል ቃል ነውና እትዬ ሶልያና በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ አነበቡት፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ያልሣቀች ወይዘሪት አስካለማርያም ብቻ ናት።

ሣቁ ሲበርድ ደረቷ ላይ ያለችውን መሣሪያ አየት አደረገች።

“የተመዘገበው ሣቅ ነው” አለች። “ድንኳኑ አልተነሣም። የተመደበው ጊዜም አልቋል። አዝናለሁ፣ ማሳያው አልተሳካም።”

ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

“አንዴ ብቻ እንሞክር” አለ ደባልቄ። “ድመቴ ስትሞት...”

“የድመቷን አንብቤዋለሁ። አልችልም። ከነገ ጀምሮ የዕድሩ ፈቃድ ይዘጋል፤ አባላቱ በኅብር ይመዘገባሉ።”

እትዬ ሶልያና ወረቀቱን በእርጋታ አጠፉ። “ልጄ፣ ስሙስ?” አሉ።

“የምን ስም?”

“የዕድሩ። ቅን ጎረቤት የሚለው።”

“ስሙ ይሰረዛል።”

“እኛ ጳጉሜን ላይ ዘመድ የሌላቸውን ሙታኖቻችንን ስም እየጠራን እናስባለን። እሱንስ ኅብር ያደርገዋል?”

“እንደዚህ ያለ አገልግሎት የላቸውም” አለች።

“እሺ” አሉ እትዬ ሶልያና። ሌላ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። ያ ድምፅ ሲሰበር ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶ አያውቅም።

ጋሽ ያፌት በጋቢው ውስጥ ይህን ሁሉ ይሰማሉ። ቃልኪዳን የሞተች ዕለት ትዝ አለቻቸው። ያኔ ቤቱን ቆልፈው ማንንም አላናግርም ብለው ነበር። የዕድሩ ሰዎች በሩን አልሰበሩም፣ አላስቸገሯቸውም፤ ደረጃው ላይ እየተፈራረቁ ተቀመጡ። በሩን የከፈቱ ጊዜ ያገኙት ናታንን ነው። ናታን ምንም አላለም። ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ እስከ አርባዋም እየመጣ እዚያው ይቀመጥ ነበር። ያን ሰው ነው ዛሬ ለመሰላል ብለው በአደባባይ ያዋረዱት። ሰው እንዲያለቅስ በተሰበሰበበት ቀን ያሣቁት እሳቸው ናቸው። ነገ የምር ሲሞቱ ማሽን ይሸከማቸዋል፤ ኮምፒውተር የመረጠው አንድ የማያውቁት ሰው ሰዓቱን እያየ አጠገባቸው ይቆማል። ስማቸውን የሚጠራ አይኖርም። የቃልኪዳንንም።

መጀመሪያ ያስነጠሳቸው መሰላቸው። ከዚያ ደረታቸው ተንሰቀሰቀ። እንዳይሰማ ጋቢውን ነከሱ፤ አልሆነም። ከቃሬዛው ላይ እንደ አሮጌ ሞተር የሚያጓራ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ወጣ።

ጥግ ላይ ያለው ጆንያ “ዥው” አለ።

ደባልቄ ዞረ። ጨርቁ እንደ ሊጥ ተነፋ፤ ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ተዘረጉ። ድንኳኑ ነፋሱን እየገፋ ተነሥቶ፣ ወንበሩን፣ ሰዉን፣ ንፍሮውን፣ የወይዘሪት አስካለማርያምን መኪና ሳይቀር ከላይ አለበሰ። መኪናዋ ጨለማ መስሏት መብራቷን አበራች።

“ማን ነው? ማን ነው ያለቀሰው?” አለ ደባልቄ እየተርበተበተ።

እማማ ሄራን ጣታቸውን ወደ ቃሬዛው ቀሰሩ። ጋቢው ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጣል።

“ኧረ በስመ አብ! ሬሳው ነው የሚያለቅሰው!”

ጋሽ ናታን ናቸው ቀድመው የደረሱት። ጋቢውን ገለጡት። ጋሽ ያፌት ዓይናቸው ቀልቶ፣ አፍንጫቸው ረጥቦ፣ እንደ ሕፃን ይነፋረቃሉ። “ናታን፣ ይቅር በለኝ” አሉ። “ሁሉንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።” ጋሽ ናታን እንደ ልማዳቸው ምንም ሳይሉ ቃሬዛው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ሶልያና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ሁሉም አለቀሰ፤ ድንኳኑም በስተምሥራቅ በኩል ደባልቄ እንዳለው የረሳውን ተጨማሪ ክንፍ ዘረጋ።

ወይዘሪት አስካለማርያም መሃል ላይ ቆማ ታስባለች።

“ያለቀሱት ሟቹ ናቸው” አለች በመጨረሻ።

“ደንቡ ሟች ማልቀስ አይችልም ይላል?” አለ ደባልቄ።

ዓይኗን ጨፍና ደንቡን በሐሳቧ ገለጠችው። “አይልም። ማን ይከለክላል ብሎ ያስባል?” ወደ ቃሬዛው ጠጋ አለች። “አባቴ፣ ለማን ነው ያለቀሱት? ለራስዎ?”

ለጋሽ ያፌት አንድ ቀልድ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣላቸው። ዋጡት። “ለዕድሩ ነው” አሉ። “ሞተ አልሽን፤ አለቀስንለት።”

“እንግዲያው ሌላ ችግር አለ። ዕድሩ ከተዘጋ ሐዘኑ እውነት ነው፤ ሐዘኑ እውነት ከሆነ ድንኳኑ ሠርቷል፤ ከሠራ ዕድሩ አይዘጋም። ካልተዘጋ ደግሞ ያለቀሳችሁት ለምን ነበር?”

እትዬ ሶልያና ዓይናቸውን ጠርገው ወደ መምህርነታቸው ተመለሱ። “ልጄ፣ እማማ ሄራን ሊሞቱ ነው ብለን ያነባነው እንባ ስለዳኑ ውሸት ይሆናል?”

“አንብታችሁልኝ ነበር?” አሉ እማማ ሄራን ተገርመው። “እኔ እኮ ደባልቄ ብቻ የሚመላለስ መስሎኝ ነበር፤ እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው ስል።”

ደባልቄ መሬት መሬት አየ።

ወይዘሪት አስካለማርያም መሣሪያዋን ነካ ነካ አደረገች። “አልፋችኋል” አለች።

እልልታው ሰማይ ነካ። ጋሽ ያፌትን ከነቃሬዛቸው አንሥተው ድንኳኑን አዞሯቸው። ንፍሮው ታደለ፣ ጠላው ተቀዳ፤ ለቅሶ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። ደባልቄ ብቻ ከምሰሶ ምሰሶ እየሄደ ይዳብሳል።

“ምን ሆንክ ደግሞ?” አሉት ጋሽ ያፌት።

“መታጠፍ ነበረበት። ሐዘኑ ሲበርድ ይታጠፋል። ሁሉም ይሥቃል፣ እሱ ግን አልታጠፈም።”

“ተበላሽቶ ይሆናላ።”

“አልተበላሸም። እዚህ ውስጥ አሁንም የሚያዝን ሰው አለ።”

ጋሽ ያፌት ዙሪያቸውን ቃኙ። እማማ ሄራን ይጨፍራሉ። ናታን አፋቸውን በንፍሮ ሞልተዋል። ሶልያና እንኳ ፈገግ ብለዋል። ከዚያ ከመኪናው አጠገብ ያለችውን ልጅ አዩ። ንፍሮውን በመዳፏ ይዛ፣ አንዲት ፍሬ ሳትበላ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። መኪናዋ ድንኳን ውስጥ ስለታሰረች መሄድ አልቻለችም።

አጠገቧ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?”

“ሥራ ላይ ነኝ” አለች።

“እኔም ሬሳ ነኝ። ዛሬ ማንም በሥራው ላይ የለም።”

ንፍሮውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ገለበጠች። “አባቴ” አለች። “በሚያዝያ። ኅብር ነው የቀበረው። ለመስክ ሥራ ወጥቼ ስመለስ ከምሳ በፊት አልቆ ነበር። ረክተዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ።” ንፍሮውን ጨበጠችው። “አዎ አልኩ።”

ጋሽ ያፌት እጃቸውን አወዛወዙ፤ ጨዋታው ቆመ። ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ከበቧት። ጋሽ ናታን ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ዝም አሉ፤ ያንን የሚያህል ዝምታ የሚችል ሰው በከተማው አልነበረም።

“ስማቸው ማን ነበር?” አሉ እትዬ ሶልያና።

“ባሮክ።”

“ባሮክዬ” አሉ እማማ ሄራን ቀስ ብለው፤ ይህ ድምፃቸው የጠዋቱ አይደለም። “ሳናውቅህ፣ ሳናለቅስልህ፣ ሳንሸኝህ...”

አስካለማርያም ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ለብዙ ወራት የተጠራቀመ ነበርና ቶሎ አላለቀም። ማንም አላጣደፋትም። ንፍሮው ቀዘቀዘ፣ ፀሐይዋ ወደ ብሎኮቹ ጀርባ አዘነበለች፤ ድንኳኑ ጸጥ ብሎ ቆሟል።

“ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?” አሏት ጋሽ ያፌት፣ ጥቂት ሲሻላት።

“ከፍሪጁ ጋር ይጣላ ነበር” አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። “ሐኪሞች ቅቤ ከልክለውት፣ ፍሪጁ እሱን ሲያይ አይከፈትም። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የእናቴን የፀሐይ መነጽር አድርጎ፣ ፍሪጁ ፊት ቆሟል። ‘ባሮክ የለም፣ እኔ የጎረቤት ሰው ነኝ’ ይለዋል።”

“ከፈተለት?”

“‘እንኳን ደህና መጡ እንግዳ፣ አቶ ባሮክ ቅቤ ከጠየቁዎ እንዳይሰጧቸው’ አለው። አባቴም...” ልትጨርስ ስትል ሣቋ አመለጣት። “አባቴም ‘ኧረ ያ ሰውዬ አያሳፍርም!’ ብሎ ቅቤውን ይዞ ሄደ።”

ጋሽ ያፌት ፈነዱ። እትዬ ሶልያና እንኳ ጉልበታቸውን መቱ። አስካለማርያም በእንባዋ መሃል እየሣቀች፣ እየሣቀችም ትንፋሽ እያጠራት ወንበሯ ላይ ተጠቀለለች።

ድንኳኑ “ዥው” አለ። ከዚያ ውስጡ ያሉትን ሁሉ፣ ከነወንበራቸው፣ ከነንፍሯቸው፣ ከነመኪናዋ ይዞ ታጠፈ።

በጨርቁ ሥር ጨለማና ጩኸት ሆነ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክርን የጋሽ ያፌትን ጎን ወጋ፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጠላ አንገታቸው ላይ ፈሰሰ።

“ደባልቄ!” የእትዬ ሶልያና ድምፅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ። “ውስጡ ሰው ይኑር አይኑር ሳያይ ነው እንዴ የሚታጠፈው?”

“አልታሰበም ነበር፣ እትዬ” አለ ደባልቄ ከሩቅ ጥግ፣ በታፈነ ድምፅ።

“ግድ የለም” አለች አስካለማርያም ከመኪናው በታች አካባቢ፣ ሣቋ ገና አልለቀቃትም። “በሦስተኛው ሞዴል ይስተካከላል። ገንዘቡን አጸድቃለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንዳችሁ እግሬን ልቀቁኝ።”